ራኩን ከመግዛትህ በፊት ክሪኩን አውጣ

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ነው። ወንድማችን የ2011 ሞዴል ቪጎ (የቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ) አለው፤ በግና ገብስ እየጫነ ደብረ ብርሃን ይመላለሳል። የገጠሩ መንገድ ድንጋይ ሆዷን እየነካ ስላስቸገረው ከአራት ወር በፊት ከፍ አስደረጋት፦ ከፊት በሾኩ አናት ላይ ስፔሰር (ከፍታ የሚጨምር የብረት ቁራጭ) አስገባ፣ ከኋላ የባሌስትራውን ማንጠልጠያ አስረዘመ፣ ጎማውን ደግሞ ወደ 265/75 በ16 ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ድምፅ ይሰማል። ቆማ መሪ ሲጠመዘዝ አንዲት «ቋ»፣ ኮረኮንች ላይ «ድም ድም»፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንደ አሮጌ አልጋ «ሲጥ ሲጥ»። ቴስቲና፣ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን መጋጠሚያ፣ ሁለት ጊዜ አስቀይሯል፤ ለውጥ የለም። አሁን «ራኩ ነው፣ ራክ ግዛ» ብለውታል፤ ራክ ማለት የመሪውን ዙር ወደ ጎን ግፊት ለውጦ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዕቃ ነው። «ጋሼ፣ ልግዛ ወይስ ልተው?» ይላል።

አትግዛ ወንድሜ፤ ቢያንስ ገና። ራክ ውድ ዕቃ ነው፤ ያገለገለውን ብትገዛ ደግሞ የሌላ ሰው በሽታ ተሸክመህ መምጣትህ ነው። መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል፦ ከፍ ከማለቷ በፊት ምንም ድምፅ አልነበራትም። ሦስት ድምፅ በአንድ ሰሞን ከተወለደ እናታቸው አንድ ናት። ስለዚህ ያረጀ ዕቃ ፍለጋ አንሄድም። ከፍ ሲያደርጓት ምን ፈቱ፣ ምን ሳያጠብቁ ተዉ፣ የቱ ማዕዘን ተለወጠ ብለን ነው የምንነሳው። ቴስቲና በኛ አገር ምስኪን ዕቃ ነው፤ መኪና ባስነጠሰች ቁጥር እሱ ይቀየራል።

መጀመሪያ የመኪናህን ፊት እንተዋወቅ። ቪጎ እንደ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ከፊት ወጥ አክስል የላትም። እያንዳንዱ የፊት ጎማ በላይኛውና በታችኛው አርም (ጎማውን ከሻሲው ጋር በሚያያዙት ክንዶች) መካከል ለብቻው ይወጣል ይወርዳል። ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ሆነው እግራቸውን የታችኛው አርም ላይ ያሳርፋሉ፤ የሚያርፉትም አርሙ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ መሃል ገባ ብለው ነው። በዚህ የተነሳ አናቱ ላይ የምትገባ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፔሰር ጎማው ዘንድ ስትደርስ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ይህን ያላወቀ ሰው «5 ሴንቲ ከፍ አርግልኝ» ሲባል 5 ሴንቲ ሜትር ብረት ቶርኖ ቤት ያስቀርጽና መኪናዋን ሰማይ ይሰቅላታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሜትር ይዘህ ስፔሰሩን ለካልኝ። ጎማው ዘንድ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ቪጎ ትችለዋለች። ከዚያ ካለፈ የላይኛው አርም ሞላውን መንካት ይጀምራል፣ ሲቪውም (የሞተሩን ኃይል ለፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ) ክፉኛ ታጥፎ ይሠራል፤ ያኔ ፈውሱ ስፔሰሩን ማሳነስ ነው እንጂ ዕቃ መቀያየር አይደለም።

አሁን ወደ «ቋ» እንሂድ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ። ለዚህ ሙከራ ክሪክ አያስፈልግም፤ ጎማው መሬት መርገጥ አለበት። ሞተሩ ተነስቶ አንድ ሰው መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዘው፤ ሩብ ዙር እንኳ አይሙላ። አንተ በጎን ተኝተህ ጎማው ከማይደርስበት በኩል እጅህን አንድ በአንድ መገጣጠሚያው ላይ አሳርፍ። ጆሮህን አትመነው። ሻሲ ብረት ነው፤ በግራ የተነሳ ኳኳታ በቀኝ ወጥቶ ይሰማሃል። መዳፍህ ግን ብረቱ ሲመታ ልክ በር እንደሚንኳኳ ያህል ይሰማዋል።

መጀመሪያ ቴስቲናውን ያዝ። ቀጥለህ ራኩ ከሻሲው ጋር የታሰረበትን ቦታ፤ እዚያ ጎሚኒ አለ፣ እሱ ከሟሸሸ ራኩ በሙሉ ወደ ጎን ሲንሸራተት በዓይንህ ታያለህ። ከዚያ ከመሪው ዘንግ ወደ ራኩ የምትወርደውን አጭር ዘንግ ያዝ። እሷ መካከሏ ላይ እርስ በርሱ የሚገባ ተንሸራታች ክፍል አላት፤ ግሪስ ሲጨርስ «ቋ» ትላለች፣ መሪው ላይም እጅህን ትነካሃለች። አንዳንዱ ሰው ይህችኑ ሰምቶ ነው ራክ የሚያስቀይረው።

እኔ ግን ያንተ ጉዳይ ከዚህም ቀላል ይመስለኛል። የታችኛው አርም ከሻሲው ጋር የሚታሰርባቸውን ሁለት ቡሎኖች እያቸው። ጎናቸው ላይ መስመር መስመር የተሰመረበት ክብ ሮንዴላ አላቸው፤ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቋም፣ የሚስተካከለው እነሱን በማዞር ነው። መኪና ከፍ ሲል አላይመንቱ ይዛባል፤ አላይመንት ሠሪው እነዚህን ይፈታል፣ ያዞራል፣ ያስራል። ደህና ካላጠበቃቸው፣ ቆመህ መሪ ስትጠመዝዝ ሰፊው ጎማ መሬት ነክሶ ስለሚይዝ ኃይሉ አርሙን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ አርሙም «ቋ» ብሎ ይንሸራተታል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ወደ ግራ ስትጠመዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ቀኝ ስትመልስ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ። ያለቀ ቴስቲና እንዲህ ቆጥቦ አይናገርም፤ ኮረኮንች ላይ ሲለፈልፍ ይውላል።

ለማረጋገጥ የባለቤትህን የጥፍር ቀለም ተዋስ። ከሮንዴላው ጀምረህ ሻሲው ድረስ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በአራቱም ቡሎኖች ላይ አስምር። ሁለት ቀን ንዳትና ተመልሰህ እይ። መስመሩ ከተሰበረ ወይም ሁለቱ ጫፎች ከተላለፉ ሌባው ተይዟል። ቡሎኑ መልሶ ይታሰራል፤ አላይመንቱ ግን እንደገና መሠራት አለበት፣ ምክንያቱም የነበረበትን ቦታ ለቋል። ከፍ ያለች መኪና ላይ ካስተር (ከጎን ሲታይ ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያዘነበለበት ልክ) ስለሚቀንስ አላይመንት ሠሪውን «ካስተሩንም እይልኝ» በለው። መሪው ከኩርባ በኋላ ወደ መሃል ለመመለስ ከሰነፈ፣ ወይም ቀጥታ መንገድ ላይ መኪናዋ እንደ ጠጪ የምትንገዳገድ ከሆነ ነገሩ ካስተር ነው።

«ድም ድም» ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ድምፁ የሚሰማው ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ነው ወይስ ከድንጋዩ ሲወርድ? ቀስ ብለህ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ መስኮት ከፍተህ አንድ ድንጋይ ላይ አውጣትና አውርዳት። ሲወርድ ከሆነ ጎማው እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ አንድ ነገር እየመታ ነው። ስፔሰሩ ከሾኩ አናት በላይ ከሆነ ጎማው ከበፊቱ ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ የላይኛው አርምም የሞላውን ጎን ይነካል። ሞላው ላይ ቀለሙ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ቦታ ፈልግ። ካለ ምስክር አያስፈልግም። ስፔሰሩ የገባው ሾኩን ፈትተው ሞላውን ለመጭመቅ ከሆነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። መኪናዋ ቆማም ሳለች ሾኩ ጫፉ ሊደርስ ምንም ያልቀረው እስኪሆን ድረስ ተዘርግቶ ነው የሚውለው፤ ትንሽ ጉድጓድ ስታገኝ ጫፉ ላይ ደርሶ «ድም» ይላል። እንዲህ ያለችው መኪና ስትጭን ይብስባታል፣ በተለይ ጭነቱ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ካለፈ። ኋላዋ ሲቀመጥ ፊቷ ይነሳል፣ ሾኩም የቀረችውን ይጨርሳል። ገብስ ጭነህና ባዶህን ድምፁን አወዳድርልኝ።

ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ከሆነ ኮፈኑን ክፈት። ሁለት ሰው ፊቷን ተጭኖ ያወዛውዛት፣ አንተ እጅህን በሾኩ አናት ላይ ባሉት ዳዶዎች ላይ አድርግ። እዚህ ላይ አንድ ነውሬን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ የሞላሌ ነጋዴ እንዳንተው ያለች ከፍ ያለች ቪጎ ይዞ ጋራዤ መጣ። ኮረኮንች ላይ ታንኳኳለች። እኔም እንደ ዐዋቂ መሪውን ሁለት ጊዜ ጠመዘዝኩና «ራክ ነው» አልኩት። ገዛ፣ ገጠምኩለት፣ ሸኘሁት። በማግስቱ ተመለሰ፤ ድምፁም አብሮት። ግማሽ ቀን ሥሯ ተኝቼ ስፈልግ ዋልኩ። ልጄ ምሳ ይዞልኝ መጥቶ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ቆሞ ሳለ «አባዬ፣ ይኼ ዳዶ በጣት ይዞራል» አለኝ። የስፔሰሩ ዳዶ ነበር። ቶርኖ ቤት የተሠራው ስፔሰር ቀለም ተቀብቶ ነበር የታሰረው፤ ቀለሙ ተጨፍልቆ ሲያልቅ ዳዶው ላላ። የእጅ ዋጋዬን መለስኩለት፤ ራኩን ግን ሻጩ መልሶ አልወሰደም። ዛሬም ያ ሰውዬ ደብረ ብርሃን ላይ ሲያየኝ በጣቱ ዳዶ የሚያዞር ምልክት ያሳየኛል።

እና ዳዶዎቹን አጥብቅ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግመህ አጥብቅ። ቡሎኖቹንም እያቸው። አናታቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ካለ ጥንካሬው የታወቀ ብረት ነው። ቁጥር የሌለው ከሆነ አውጥተህ ጣለው። በብየዳ የተቀጠለ ቡሎን ካገኘህ ደግሞ መኪናዋን ዛሬውኑ አቁማት፤ የምቀልድ እንዳይመስልህ።

በዚሁ አጋጣሚ ስታቢላይዘር ሊንኩን (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳትተኛ የሚይዛትን ባራ ከጎማው በኩል የሚያያዘውን አጭር ዘንግ) ፈትነህ ከጥርጣሬ አውጣ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል በሚወጡበት የፍጥነት መቀነሻ ላይ ድምፁ ጠፍቶ አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሊንኩና ወደ ባራው ጎሚኒ ይሄዳል። ሁለቱንም ሊንክ ፈትተህ በዚያው መንገድ ቀስ ብለህ ንዳ፤ ዝም ካለች አግኝተኸዋል። ያለ ሊንክ ግን ኩርባ ላይ እንዳትሮጥ፤ ትተኛለች። ፍሬን ደግሞ በእግርህ ነካ ስታደርግ ኳኳታው የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ የፍሬን ሸራው መላላት ነው፤ እሱ ቀላል ነው።

አሁን ለነፍስህ የሚያሰጋው ላይ ደረስን፤ ቦል ጆይንት፣ ማለትም አርሙን ከጎማው ጋር የሚያያዘው የኳስ መጋጠሚያ። በቪጎ ሸክሙን የሚሸከመው የታችኛው ነው። ክሪኩን ከሻሲው ሥር አስገብተህ ብታነሳት ሞላው አርሙን ወደ ታች ስለሚገፋ ቦል ጆይንቱ እንደተወጠረ ይቀራል፣ ያለቀ ሆኖ ሳለ ደህና መስሎ ይታይሃል። ስለዚህ ክሪኩ የሚገባው ከታችኛው አርም ሥር፣ በተቻለ መጠን ወደ ጎማው ተጠግቶ ነው። ክሪክ ብቻ አምነህ እጅህን አታስገባ፤ ትርፍ ጎማውን ከሻሲው ሥር አስተኛ። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ አወዛውዘው። ከተንቀዋለለ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና ድገመው። ፍሬን ሲረገጥ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ነው። ግራና ቀኙን ይዘህ ስታወዛውዘው ብቻ የሚንቀዋለል ከሆነ ቴስቲና ነው፤ ላስቲኩ ሥር ያለውን የውስጠኛውን አትርሳ፣ ሁለት ጊዜ ሲቀይሩልህ ውጪኛውን ብቻ ሳይሆን አይቀርም የቀየሩት።

ቦል ጆይንቱ ከተንቀዋለለ የጣርማ በርን ቁልቁለት በዚያ መኪና አትውረድ። ደብረ ሲና ደርሼ አሠራዋለሁ አትበል። ቦል ጆይንት ሲለቅ ጎማው ከሥር ይታጠፋል፣ መሪውም ከእጅህ ላይ ትርጉም ያጣል፤ እዚያ ገደል ላይ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለም። መካኒኩን መሐል ሜዳ አስመጣው።

ሦስተኛዋን፣ «ሲጥ ሲጥ» የምትለዋን፣ እኔ እወዳታለሁ፤ አትገድልም፣ ትናገራለች እንጂ። ጠዋት ብቻ መሆኑን መጻፍህ ጥሩ አደረግህ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲወርድ ጎሚኒ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠነክራል። መኪናዋን ይዘህ ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወርድ፣ እዚያ 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሙቀቱ ጎሚኒውን ያለሰልሰውና ድምፁ ራሱ ይጠፋል። ደብረ ብርሃን የሚጮህና ሸዋ ሮቢት ዝም የሚል ድምፅ ዘጠና በመቶ ላስቲክ ነው እላለሁ፤ የራሴ ግምት ነው። ተገላቢጦሹ፣ ማለትም ቆላ ስትወርድ የሚጀምር ድምፅ፣ ወደ ሾክ ወይም ወደ ፓወር ስቲሪንግ ዘይት ያስኬዳል፤ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል።

ያንተ ጎሚኒ ግን ያረጀ አይመስለኝም፤ የተጠመዘዘ እንጂ። የአርም ጎሚኒ ቡሎኑ ዙሪያ አይሽከረከርም። ላስቲኩ ከውጭም ከውስጥም ብረት ላይ የተጣበቀ ነው፤ አርሙ ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል፣ ተመልሶ ይፈታል። ፋብሪካው ቡሎኑን ያጠበቀው መኪናዋ በፊት በነበረችበት ቁመት ነው። አሁን 5 ሴንቲ ከፍ ስትል አርሙ ወደ ታች አዘንብሏል፤ ቡሎኑ ካልተፈታ ጎሚኒው ቆማም ሳለች ተጠምዝዞ ነው የሚያድረው። አንተ ቀኑን ሙሉ አንገትህን ወደ ጎን አዙረህ ብትውል እንደማለት ነው። መጀመሪያ ይጮሃል፣ በኋላ ይቀደዳል።

መፍትሔው አንድ ብር አያስወጣም። አራቱም ጎማ መሬት ረግጦ፣ ክሪክ ሳይኖር፣ የላይኛውንና የታችኛውን አርም ቡሎኖች አላላ። የታችኞቹን ከማላላትህ በፊት በጥፍር ቀለሙ ምልክት አድርግባቸው፤ አለዚያ አላይመንትህ ይሄዳል። ፊቷን ተጭነህ አምስት ስድስት ጊዜ አወዛውዛት፣ በራሷ ትረጋጋ፤ ከዚያ በዚያው ቁመት አጥብቅ። በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ ካጠበቅህ የባሰውን ሠራህ ማለት ነው። ይህን ሥራ ከፍ ያደረጓት ሰዎች በዚያው ቀን ሊሠሩት ይገባ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን አይሠሩትም፣ አስቸጋሪ ስለሆነ ሳይሆን ስለማያውቁት።

የትኛው ጎሚኒ እንደሆነ ለማወቅ በሃይላንድ ውኃ ያዝ፣ ክዳኑን ብሳና አንድ ጎሚኒ ላይ ብቻ አፍስስ፤ ፊቷን አወዛውዝ። ዝም ካለች እሱ ነው። ዘይት ወይም ናፍጣ ግን እንዳትቀባ። ለጊዜው ዝም ያሰኝልሃል፤ ላስቲኩን ግን አብጦ እንዲበሰብስ ያደርገዋል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው፤ አንተ አልጠየቅህም፣ ጎማህ ስለተለወጠ ግን መምጣታቸው አይቀርም። ያደረግኸው ጎማ ቁመቱ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘህ የፓራፋንጎውን ውስጥና የሻሲውን ጎን እይ፣ ተፍቆ ያበራ ቦታ ካለ ጎማው እየነካ ነው። ጥግ ላይ «እኝኝ» ካለችህ የፓወር ስቲሪንጉ ፖምፓ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ጤነኛ ድምፅ ነው፣ ጥግ ላይ ይዘህ አትቆይ እንጂ። ዘይቱ አረፋ ከሠራ ግን የሆነ ቦታ አየር ይስባል። ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉርምርምታ መኪናዋን በቀስታ ወደ ግራ ስታዘነብላት ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ ነው።

«ቀጭ ቀጭ» ደግሞ የሲቪ ነው። እሱን የምትፈትነው አራቱን ጎማ አስገብተህ፣ መሪውን ጠምዝዘህ፣ ነዳጅ በመስጠት ነው፤ አፈር ወይም ጠጠር ላይ ብቻ ግን። ደረቅ አስፋልት ላይ አራቱን አስገብተህ ብትጠመዝዝ የፊትና የኋላው ስለሚጓተቱ ጤነኛዋ መኪናም ትንቋቋለች፣ አንተም ሲቪ ልትገዛ ደብረ ብርሃን ትመጣለህ። የሲቪውን ላስቲክ ግን በየወሩ እየው፤ ከፍ ስትል እጥፋቶቹ እርስ በርስ ይፋተጉና ይቀደዳሉ። ግሪሱ ወደ ቸርኬው ውስጥ ተረጭቶ ካየህ አንድ ሳምንት አትጠብቅ።

ስለ ራኩ የመጨረሻውን ልበልህ። ራኩ ጫፎች ላይ ያሉትን የተጣጠፉ ላስቲኮች በእጅህ ጨብጠህ እመቃቸው። ውስጣቸው ዘይት ከተንቦጫቦጨ የራኩ ዘይት ማገጃ አልቋል፤ ያኔ ስለ ግዢ እንነጋገራለን። ደረቅ ከሆኑ፣ የማሰሪያው ጎሚኒም ካልሟሸሸ፣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ተወው። የስፔሰሩን ቁመትና ከሁለት ቀን በኋላ የትኛው የጥፍር ቀለም መስመር እንደተሰበረ ጻፍልኝ፤ የግራ ነው የቀኝ፣ የፊተኛው ቡሎን ነው የኋለኛው። ከዚያ አላይመንት የት እንደምትወስዳት እነግርሃለሁ።